ላም አለኝ በሰማይ፦ በሩን ዘግቶ ከሰማይ ማጉረስ



ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። ከዚህ በመቀጠል፦

ባለፈው ጁሙዓ ከሰላት በኋላ መስጂዳችን በር ላይ ወጣቶች አንድ ስልክ ከበው ቆመው ነበር። ቪዲዮው የጋዛ ነው። ከአውሮፕላን ጀርባ ፓራሹቶች ተራ በተራ እየተዘረጉ ይወርዳሉ፤ ከኋላ ነሺዳ ይሰማል። ከመሀላቸው አንዱ «ሱብሓነላህ! መንና ወረደላቸው!» አለ። ሌላው ወዲያው ለጓደኞቹ ላከው። ወጣቶቹ በክፋት አይደለም። የተራበ ወንድማቸው ጎረሰ ብለው ከልባቸው ደስ ብሏቸው ነው። እኛም እዚያው ቆመን ነበር፤ ደስታቸውን ማቋረጥ ከብዶን ዝም አልን። ዝምታችን ግን ቤት ድረስ ተከትሎን መጣ። ስለዚህ በር ላይ ያላልነውን እዚህ እንበለው።

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ መንና አይደለም። መንናና ሰልዋ በኒ ኢስራኢሎች በምድረ በዳ ሳሉ ከአላህ ዘንድ የወረደላቸው ሲሳይ ነው። ማንም ፍጡር ፈቃድ አልተጠየቀበትም። ጋዛ ላይ በፓራሹት ይወርድ የነበረው ግን ምግብ በመሬት እንዳይገባ የዘጋው ጦር ሰዓቱንና መስመሩን ቆርጦ ሲፈቅድ ብቻ ይወርድ የነበረ ነው። በሩ የተዘጋው በሰው እጅ ነው፤ የሚከፈተውም በሰው እጅ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ በሩን ማስከፈት የሚችል ሰው በሩን ትቶ ከሰማይ ቢወረውር ሰደቃ ሰጠ አይባልም። ከጥያቄ ሸሸ ነው የሚባለው።

አስቀድመን የማንለውን እንናገር። እሽጉን ያነሳውን ረሀብተኛ አንወቅስም። ቢስሚላህ ብሎ ይብላ፣ ልጆቹንም ያብላ፤ ሐላሉም መብቱም ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ እሽጉን የሚገፋውን ወታደርም ልቡን ከፍተን አላየንም፤ ኒያውን የሚያውቀው አላህ ነው። ንግግራችን አውሮፕላኑን ከሚልኩት፣ በሩን ከዘጉት፣ እንዲሁም ቪዲዮውን አይተን ልባችን ከሚረካው ከእኛው ጋር ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው

ፈራኢድ ስንቀራ ኡስታዛችን «በለቅሶ ውርስ አይከፈልም፤ መጀመሪያ ቁጥሩን አምጡ» ይሉን ነበር። እኛም ቁጥሩን እናምጣ።

እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2024 አሜሪካ ከጆርዳን ጋር ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ጋዛ ላይ ምግብ ጣለች። ሦስት ሲ-130 የጭነት አውሮፕላኖች፣ 66 እሽግ፣ 38,000 ያህል የታሸገ የወታደር ምግብ። ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየው። የጋዛ ሕዝብ ያኔ ወደ 2.2 ሚሊዮን ነበር። አካፍሉት፦ አንድ ጊዜ የሚበላ አንድ ምግብ ለ58 ሰው።

ከአንድ ዓመት በላይ አልፎ፣ ጁላይ 27 ቀን 2025፣ ጆርዳንና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች 25 ቶን ጣሉ። ዜናው «25 ቶን» ሲል ብዙ ይመስላል። ከ2 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ ሲካፈል ግን ለአንድ ሰው 12 ግራም አካባቢ ነው። ይህ ማለት አንድ የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነው። የአባቶቻችን ተረት «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ መሬቱን እንይ። ከጦርነቱ በፊት ወደ ጋዛ በቀን 500 ያህል የጭነት መኪና ይገባ ነበር። ከጃንዋሪ እስከ ማርች 2025 በቆየው የተኩስ አቁም ደግሞ በስምምነቱ መሠረት በቀን ወደ 600 መኪና ሲገባ ሰነበተ። ከዚያ ማርች 2 ቀን 2025 በሩ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ፤ ለ11 ሳምንታት ያህል አንድ ጆንያ ዱቄት እንኳ አልገባም። አስተውሉ! መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ኬላው ያው ኬላ ነው፣ ሾፌሩም ያው ሾፌር ነው። ሲፈቀድ 600፣ ሲከለከል ዜሮ። ታዲያ ችግሩ የመንገድ ነው ወይስ የፈቃድ?

ጋዛ ከጫፍ እስከ ጫፍ 41 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ቢሾፍቱ እንደመድረስ ማለት ነው። በዙሪያዋ አስፋልት አለ፣ በግብፅ በኩል መጋዘን አለ፣ እህል የጫነ መኪና ተሰልፏል። በ2025 ክረምት የፍልስጤም ስደተኞችን የሚረዳው የመንግሥታቱ ድርጅት ኤጀንሲ፣ አንርዋ፣ ከድንበሩ ውጭ 6,000 መኪና የሚሞላ እርዳታ ይዞ ፈቃድ ይጠብቅ ነበር። በጊዜው የኤጀንሲው ኃላፊ የነበሩት ፊሊፕ ላዛሪኒ ከአየር መጣል ከመኪና ቢያንስ 100 እጥፍ እንደሚወደድ፣ መኪና ደግሞ ከአውሮፕላን እጥፍ እንደሚጭን በይፋ ተናግረዋል። በአንዱ የሚበልጠው ወጪ ነው፣ በሌላው የሚበልጠው እህል ነው፤ የተመረጠው ወጪው ነው።

«ታዲያ ለምን አውሮፕላኑ አያርፍም?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጋዛ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ ነበራት። በ1998 ተከፈተ። በ2001 እና በ2002 የእስራኤል ጦር ደበደበው፣ መንደርደሪያውንም በቡልዶዘር አረሰው። ማረፊያውን ያረሰው ጦር በኋላ «ከላይ መጣል ትችላላችሁ» ሲል ችሮታ ሆኖ ተቆጠረለት።

የባሕሩም ነገር እንዲሁ ነው። አሜሪካ በ2024 በ230 ሚሊዮን ዶላር ግምት ተንሳፋፊ ወደብ ሠራች። ማዕበል ሰበረው፣ ተጠገነ፣ እንደገና ተነሳ። በጠቅላላው 20 ቀን ያህል ብቻ ሠርቶ በጁላይ ተዘጋ። በሰማይ ዞሩ፣ በባሕር ዞሩ፤ በሩን ግን አላንኳኩም። አልሸሹም፣ ዞር አሉ ይሏል ይህ ነው።

ለማን ይደርሳል?

በሸሪዓችን ዘካ ዝም ብሎ የሚበተን ነገር አይደለም። ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ክፍሎች አንዱ «ዓሚል» ነው፤ ሰብሳቢውና አከፋፋዩ። ለምን ለእሱ ድርሻ ተመደበ? የትኛው ቤት የቲም እንዳለ፣ ማን ሚስኪን ሆኖ ሳለ መለመን እንደሚያፍር፣ የትኛዋ እናት ከቤቷ መውጣት እንደማትችል የሚያውቅ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። ፓራሹት ዓሚል የለውም። የሚያከፋፍለው ንፋስ ነው። ሜዳ ላይ ከወደቀ ለጉልበተኛ፣ ፍርስራሽ ላይ ከወደቀ ለሯጭ፣ ባሕር ላይ ከወደቀ ለዋናተኛ ይሆናል። አሮጊቷ፣ እግሩ የተቆረጠው፣ አራስ የያዘችው እናት የት ደርሰው ይሻሙ?

ማርች 8 ቀን 2024 ከሻጢእ መጠለያ አጠገብ ፓራሹቱ አልከፈት ብሎ እሽጉ አምስት ሰው ገደለ። ምግብ ሲጠብቁ ነበር። በዚያው ወር መጨረሻ ገደማ ደግሞ ከበይት ላሂያ ጠረፍ ባሕር ላይ የወደቀውን እሽግ ለመያዝ ዋኝተው የገቡ 12 ሰዎች ሰጠሙ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን። እነዚህ ሰዎች በርሀብም በቦምብም ያልሞቱ ነበሩ። የሞቱት በ«እርዳታ» ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የሚያከፋፍል ሰው ስለሌለ እንዳይመስላችሁ። በተኩስ አቁሙ ጊዜ በጋዛ 400 ያህል የማከፋፈያ ቦታዎች ነበሩ፤ ቤተሰቦች በዝርዝር ተመዝግበው የሚወስዱባቸው። በሜይ 2025 መጨረሻ እነዚያ ተገፍተው ወታደር የሚጠብቃቸው አራት ቦታዎች ተተኩ። እስከ ጁላይ 2025 ድረስ ምግብ ፍለጋ ሄደው የተገደሉት ከ1,000 በላይ እንደሆኑ የመንግሥታቱ ድርጅት የሰብዓዊ መብት ቢሮ መዝግቧል። በመሬት ይህ እየሆነ ነው በሰማይ ፓራሹቱ የተመለሰው።

የእስራኤል መንግሥት «እርዳታው በመኪና ሲገባ ታጣቂዎች ይዘርፉታል» ይላል። እሺ፣ ይህን እንመርምረው። የሚፈራው ጉልበተኛ መውሰዱ ከሆነ፣ ስም ዝርዝር፣ መታወቂያና ተጠያቂ ካለው መጋዘን ይልቅ ሜዳ ላይ የተጣለ እሽግ ለጉልበተኛ አይቀልም ወይ? ምክንያቱ እውነት ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚከለከለው ፓራሹቱ ነበር። ደግሞስ ማንም ታጣቂ ምንም ቢያጠፋ፣ አንዱ የሌላውን ኃጢአት አይሸከምም። የስድስት ወር ሕፃን በማን ወንጀል ነው ወተት የሚከለከለው?

ይህ የመጀመሪያው አይደለም

ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በ1993 አልተወለዳችሁም። ያኔ በቦስኒያ የሙስሊም ከተሞች ተከበው ተርበው ነበር፤ ስሬብሬኒጻ፣ ጎራዥዴ፣ ዠፓ። የአሜሪካ አውሮፕላኖች ከጀርመን እየተነሱ በሌሊት ምግብ ጣሉላቸው። ሰዎች በጨለማ፣ በበረዶ፣ ተራራ ላይ እሽግ ሲፈልጉ አደሩ። ዓለም «ረዳናቸው» አለ። በኤፕሪል 1993 የጸጥታው ምክር ቤት ስሬብሬኒጻን «ከጥቃት የተጠበቀ ቦታ» ብሎ አወጀ። ከበባው ግን አልተሰበረም። ጁላይ 1995 ያቺው ከተማ ወደቀች። ከ8,000 በላይ ወንዶችና ወንድ ልጆች በጥቂት ቀናት ተጨፈጨፉ። ምግብ የተጣለላቸው ሰዎች ናቸው የተገደሉት። እሽጉ ረሀባቸውን ለጥቂት ጊዜ አስታገሰ፤ የከበባቸውን ግን አላስነሳም።

አፍጋኒስታንን ደግሞ አስታውሱ። ኦክቶበር 7 ቀን 2001 የቦምቡ ድብደባ በተጀመረበት በዚያው ሌሊት የምግብ እሽጎችም ይጣሉ ጀመር። እሽጉ ቢጫ ነበር። በዚያው ዘመቻ የተጣሉት የክላስተር ቦምብ ፍንጣቂዎችም ቢጫ ነበሩ። ልጅ ቢጫ ነገር መሬት ላይ ሲያይ ምግብ ይሁን ሞት በምን ይለያል? የአሜሪካ ጦር ራሱ በሬዲዮ ለሕዝቡ ማስጠንቀቂያ ለማሰማት ተገደደ፤ በኋላም የምግቡን ቀለም ወደ ሰማያዊ ቀየረው። አስተውሉ፣ ቦምቡን አላቆመም፤ የምግቡን ቀለም ነው የቀየረው።

ጋዛ ላይም እጁ ያው እጅ ነው። አሜሪካ ያንን የመጀመሪያውን ምግብ ከመጣሏ 11 ቀን ቀደም ብሎ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2024፣ ተኩስ ይቁም የሚለውን የውሳኔ ሐሳብ በጸጥታው ምክር ቤት በቬቶ ጥላለች። ከዚያ በፊት በጃንዋሪ ለአንርዋ የምትሰጠውን ገንዘብ አቁማለች። 900 ኪሎ የሚመዝኑትን ቦምቦችም ስትልክ ቆይታ በሜይ 2024 ያቆመችው አንድ ጭነት ነው። ከዱቄቱ እሽግና ከቦምቡ የቱ ይከብዳል? ሚዛኑን ለእናንተ እንተወው።

«ምንም ከማጣት ይሻላል» ለሚሉን

ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ልንሸሸው አንፈልግም። ከሰማይ ምግብ መጣል ሁልጊዜ ማታለል ነው አንልም። በሀገራችን በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች መኪና ለማይደርስባቸው የደጋ ቦታዎች በጣም ዝቅ ብለው እየበረሩ እህል በድርብርብ ጆንያ ይጥሉ ነበር። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮች ቀድመው ወርደው ቦታውን ያመቻቹ ነበር። በደቡብ ሱዳንም ዝናብ መንገዱን ሲቆርጥ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከአውሮፕላን ይጥላል። እዚያ ከልካዩ ገደልና ጭቃ ነው። ገደል አይለመንም፣ ጭቃ አይከሰስም። ሰው የሚችለውን አደረገ፤ አላህ ይቀበለው።

በዚያው በ1977 ግን ሌላም ነገር ነበር። በትግራይና በኤርትራ አማፅያን በያዟቸው ቦታዎች ያለው ረሀብተኛ እህል የተከለከለው በገደል አልነበረም፤ በጦርነትና በመንግሥት ውሳኔ ነበር። ያኔ ከሱዳን ድንበር እህል የጫኑ መኪኖች የጦር አውሮፕላን እንዳያያቸው በሌሊት ይገቡ ነበር። እዚህ ሀገር ያለን ሰዎች ገደል የከለከለው እህልና ሰው የከለከለው እህል ልዩነት ሊጠፋን አይገባም። ሁለቱንም ቀምሰናቸዋል።

ስለዚህ «ከማጣት ይሻላል» የሚለው ቃል በተራበው አፍ ሐቅ ነው። በኃያሉ አፍ ሲሆን ግን ማምለጫ ነው። ይህን ለመረዳት ወደ ሲራችን እንመለስ።

ሂሻምና ግመሉ

የቁረይሽ መሪዎች በኒ ሃሺምን ያገለሉበትን ዘመን ታውቃላችሁ። ከምክንያቶቹ አንዱ እኛን ሐበሾችን የሚመለከት ነው። ሙስሊሞቹ ወደ ሐበሻ ተሰደው በንጉሥ ነጃሺ ዘንድ ደህንነት ማግኘታቸውን ቁረይሾች ሲያዩ ተናደዱ፤ ከዚያ ነው ያንን ሰነድ የጻፉት። ማንም ከበኒ ሃሺም ጋር እንዳይጋባ፣ እንዳይሸጥላቸው፣ እንዳይገዛቸው ተስማምተው ጽሑፉን ካዕባ ውስጥ ሰቀሉት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከነቤተሰባቸው በአቡ ጧሊብ ሸለቆ ለሦስት ዓመት ያህል ተከበቡ። ቅጠል እስከመብላት ደረሱ። የሕፃናት ለቅሶ ከሸለቆው ውጭ ይሰማ ነበር።

ሂሻም ኢብኑ ዐምር የሚባል ሰው ነበር። ያኔ ገና አልሰለመም። በሌሊት ግመል ምግብ ይጭንና እስከ ሸለቆው አፍ ይነዳታል። እዚያ ሲደርስ ልጓሟን ያወልቅና ጎኗን መትቶ ወደ ውስጥ ይለቃታል። እስቲ አስቡት፤ ይህ የዚያ ዘመን ፓራሹት ነው! የማይገባበት ቦታ ምግብ ላከ። ሰው እንዳያየው በጨለማ ላከ። በራሱ ላይ አደጋ ወስዶ ላከ።

ነገር ግን ሂሻም በግመሉ አልረካም። ሲራው የሚያወድሰው በዚህ ነው። ወደ ዙሀይር ኢብኑ አቢ ኡመያ ሄዶ «አንተ እየበላህና እየለበስክ የእናትህ ወንድሞች በዚያ ሁኔታ መሆናቸው ይዋጥልሃል ወይ?» የሚል ነገር ጠየቀው። ዙሀይር ብቻውን መሆኑን አነሳ፤ ሁለተኛ ቢያገኝ እንደሚነሳ ተናገረ። ሂሻም ሁለተኛው እሱ ራሱ መሆኑን ነገረው። ሦስተኛ ፈለጉ፣ ሙጥዒም ኢብኑ ዐዲይን አገኙ። አራተኛ፣ አምስተኛ ተጨመረ። በሌሊት ተመካክረው ጠዋት ካዕባ ዘንድ በሕዝብ ፊት ቆሙ። አቡ ጀህል ተቃወመ፤ አልሰሙትም። ሙጥዒም ሰነዱን ሊቀድ ሲነሳ ምስጥ በልቶት የአላህ ስም ብቻ ቀርቶ አገኘው። በሩም ተከፈተ።

አሁን አነጻጽሩ። ሂሻም ሰነዱን የመቅደድ አቅም ሳይኖረው ግመል ላከ፤ አቅም ሲያሰባስብ ሰነዱን ሊያስቀድድ ሄደ። የዛሬዎቹ ኃያላን ሰነዱን የመቅደድ አቅም እያላቸው ግመል ይልካሉ። ያውም በቀን፣ በካሜራ፣ ባንዲራ ለጥፈው። አንዳንዶቹ ሰነዱ ላይ የፈረሙ ናቸው። የእኛዎቹ የሙስሊም ሀገር መንግሥታትም ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። ኤምሬቶች ዘመቻውን «ጡዩሩል ኸይር» ብለው ሰይመውታል፤ የመልካም ወፎች ማለት ነው። ስሙ ያምራል። ነገር ግን ኤምባሲ፣ ንግድና የአየር መስመር ያለው መንግሥት የመጨረሻ አቅሙ ፓራሹት ነው ቢለን አናምነውም። ሂሻም እኮ የነበረው አንድ ግመልና አንድ ምላስ ነው።

ነጃሺንም አትርሱ። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ስደተኞቹን እንዲመልሱላቸው ሲጠይቋቸው ስጦታውን መለሱ፣ በራቸውን ክፍት አደረጉ። በባሕሩ ማዶ ዳቦ አልወረወሩም። የኩራታችን ምንጭ ያ የተከፈተ በር ነው።

ድመቷን ያሰረችው ሴት

ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የታወቀ ሐዲስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አንዲት ሴት በአንዲት ድመት ምክንያት እሳት ገባች። ወንጀሏ ምን ነበር? አስራ አስቀመጠቻት፤ አላበላቻትም፣ ራሷ መሬት ላይ ያገኘችውን እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ድመቷ ሞተች።

እንጠይቅ፦ ያቺ ሴት ድመቷን እንዳሰረች በየሦስት ቀኑ በመስኮት ቁራሽ ብትወረውርላት፣ ጎረቤትም ጠርታ «እዩ፣ ሳበላት» ብትል ነጻ ትወጣ ነበርን? ሐዲሱ ሁለት መንገድ ነው የሚያሳየን፦ ወይ በወጉ መግቢ፣ ወይ ልቀቂ። አስሮ ቁራሽ መወርወር ሦስተኛ መንገድ ሆኖ አልቀረበም። ይህ ለድመት ከሆነ ለሰው ልጅስ?

የዛሬው የዓለም ሕግ እንኳ ከዚህ አልራቀም። ማርች 28 ቀን 2024 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካ ባቀረበችው ክስ ላይ እስራኤል የምድር መተላለፊያዎችን ቁጥርና አቅም እንድትጨምር፣ ክፍት አድርጋም እንድታቆይ አዘዘ። ዳኞቹ ያዘዙት የምድሩ በር እንዲከፈት ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ደግሞ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በጠቅላይ ሚኒስትር ኔታንያሁና በቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ጋላንት ላይ የእስር ማዘዣ አወጣ። ከክሶቹ አንዱ ረሀብን የጦር መሣሪያ አድርጎ መጠቀም ነው። እነሱ ክሱን አይቀበሉም። ኦገስት 22 ቀን 2025 ግን የረሀብን ደረጃ የሚለካው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች ቡድን በጋዛ ከተማና አካባቢዋ ረሀብ መግባቱን አረጋገጠ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሰው የመጨረሻው የረሀብ ደረጃ ላይ ነበር። ይህ የታወጀው ፓራሹቶቹ እንደገና መውረድ ከጀመሩ ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ እንፈልጋለን?

በእኛ ላይ ያለው

አንደኛ፣ ምላሳችንንና ስልካችንን እንጠብቅ። የፓራሹት ቪዲዮ በነሺዳ አጅበን ስናሰራጭ ሳናውቀው የዛሊሙን ማስታወቂያ እየሠራንለት ነው። ማሰራጨት ካለብንም ከስሩ አንድ ጥያቄ እንጻፍ፦ «በሩስ?» ወዳጃችን «ምግብ ጣሉላቸው እኮ» ሲለን የ12 ግራሙን ሒሳብ እንንገረው። ያለ ስድብ፣ ያለ ውሸት ቁጥር። መዝሉምን በሐሰት መርዳት አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ዙልምን በዛሊሙ ስም አንለየው። ጎረቤታችን ሱዳን ውስጥ አል-ፋሺር ከሜይ 2024 ጀምሮ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ተከበበች። ሰው የከብት መኖ እስከመብላት ደረሰ። የከበበውም የተከበበውም ሙስሊም ነው። ስንቶቻችን ስለ እሷ አንድ መስመር ጽፈናል? ጋዛ ላይ በር የዘጋውን አውግዘን አል-ፋሺር ላይ የዘጋውን ዝም ካልን ቁጣችን ለአላህ መሆኑን እንጠራጠር።

ሦስተኛ፣ እኛም ከላይ አንወርውር። ይህን ስንጽፍ ራሳችን አፍረናል። ባለፈው ረመዳን የኢፍጧር እሽግ ስናድል ባሏ የሞተባቸውን እናቶች ፎቶ አንሺው እስኪመጣ ፀሐይ ላይ አሰልፈናቸው ነበር። አንዲት እናት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ እሽጉን ተቀበለችን። ያንን ፎቶ ለጠፍነው፤ ብዙ ሰው ወደደው። ወንድሞች፣ የዚያ እሽግ ፓራሹት ካሜራችን ነበር። ቤቷን አንኳኩተን፣ ችግሯን ጠይቀን፣ ልጇን ሥራ ብናስይዝላት በር ከፈትን ይባል ነበር። ከጋዛ የምንማረው ነገር እስከ ሰፈራችን ካልደረሰ ትምህርት አይደለም። ከዚህ ረመዳን ጀምሮ የተቀባይ ፎቶ ላናነሳ በጀማዓችን ተስማምተናል፤ እናንተም በየመስጂዳችሁ ተስማሙ።

አራተኛ፣ ዱዓችን ሙሉ ይሁን። «ያ አላህ አብላቸው» ብቻ አንበል። «ያ አላህ በሩን ክፈትላቸው፣ የዘጋውን እጅ ያዝልን» እንበል። ከዱዓው ጋር ደግሞ ሰበቡን እንያዝ። ከእናንተ መሀል ነገ ሕግ የምታጠኑ፣ ጋዜጠኛ የምትሆኑ፣ በእርዳታ ሥራ የምትገቡ አላችሁ። ሰነድ የሚቀደደው ሰነድ ማንበብ በሚችሉ ሰዎች ነው። «እኔ አንድ ሰው ነኝ» የሚል ካለ፣ ዙሀይርም የተናገረው ይህንኑ ነበር። ሂሻም ሁለተኛ ሆነው፤ ከአምስት በላይም አላስፈለጋቸውም።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ያንን ስልክ የያዘውን ወጣት ፈልገን ይህንኑ ፊት ለፊት እንነግረዋለን ኢንሻአላህ። ልቡ ደግ ነው። ደግ ልብ ግን በ12 ግራም መታለል የለበትም።

አላህ ሆይ! በጋዛ፣ በአል-ፋሺርና በየትም የተራቡትን አብላ፤ የተዘጋባቸውን በር ክፈት፤ እኛንም ከሚያዩና ከሚረሱት አታድርገን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።